ሸክሙ ከኋላ ነው፦ የኡዝቤክኛ ቅጽል ከስም ጋር እንዴት እንደሚሄድ

«ትልቁን ቤት ሸጠ» ስንል ሸክሙን የተሸከመው ማን እንደሆነ እንመልከት። ቤቱ የታወቀ መሆኑን የምትናገረው «ኡ» የተጣበቀችው «ትልቅ» ላይ ነው። ተሳቢነቱን የምታሳየው «ን»ም እዚያው ላይ ናት። «ቤት» ራሱ ባዶ እጁን ይከተላል። «ከትልልቆቹ ቤቶች» ስንልማ ይብሳል፤ «ከ»ም፣ ብዛት ያመጣው ድግግሞሽም፣ «ኦቹ»ም ከፊት ባለው ቃል ላይ ተቆልለው ለስሙ የተረፈው «ኦች» ብቻ ነው። አማርኛ ቅጽልን እንደ ዋና ተሸካሚ ይጠቀምበታል።

ኡዝቤክኛ ላይ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ቅጽሉ ምንም አይሸከምም። ብዛቱም፣ ባለቤትነቱም፣ «በ» «ከ» «ለ» የምንላቸውም ሁሉ መጨረሻ ላይ በቆመው ቃል ጀርባ ላይ ይጫናሉ። ቅጽል የሚባለው «ሲፋት» ነው፤ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን በዕለት ተዕለት ንግግር «ጥራት» ማለትም ነው። ስለ ሲፋት ሰዋስው የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከዚህ ከሸክሙ ቦታ የሚወጣ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አጻጻፉ ትንሽ። ኡዝቤክኛ ከቱርክ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ኡይጉርኛ ነው። በኡዝቤኪስታን ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ቋንቋ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን ፊደል እንዲመለስ ሕግ ወጣ፤ ሲሪሊኩ (ሩሲያውያን የሚጽፉበት ፊደል) ግን እስካሁን ከጎኑ ይታያል። እዚህ ቃላቱን በፊደላችን ጽፈናቸዋል። አንድ ጉዳት አለው፦ ኡዝቤኮች ሁለት «ኦ» አሏቸው፣ አንዱ ወደ «ኣ» ያዘነበለ ክፍት ድምፅ፣ ሌላው የእኛን «ኦ» የሚቀርብ፤ ሁለቱንም በአንድ «ኦ» ነው የጻፍናቸው። እኛ ታሽከንት የምንላትን ከተማ እነሱ «ቶሽኬንት» ብለው የሚጽፏት በዚያ በክፍቱ «ኦ» ነው። «ቅ»ን ደግሞ እንደ እኛ አታፈንዱት፤ ከጉሮሮ ጠለቅ ብሎ ለስለስ ያለ ነው።

ቅጽሉ አይነካም

«ካታ» ትልቅ፣ «ኡይ» ቤት። «ካታ ኡይ» ትልቅ ቤት። «ታ» ይጠብቃል። አሁን ስሙን እናብዛው፦ «ካታ ኡይላር»፣ ትልልቅ ቤቶች። «ካታ ኡይዳ»፣ በትልቅ ቤት። «ካታ ኡይዳን»፣ ከትልቅ ቤት። «ካታ ኡይጋ»፣ ወደ ትልቅ ቤት። «ካታ ኡዪም»፣ ትልቁ ቤቴ። «ካታ» በስድስቱም ላይ ያው «ካታ» ነው።

አንዱን ፈታተን እንየው። «ካታ ኡይላሪሚዝዳን» ማለት «ከትልልቅ ቤቶቻችን» ነው። ከ«ኡይ» በኋላ መጀመሪያ «ላር» መጣ፤ ብዛት ነው። ቀጥሎ «ኢሚዝ»፣ የእኛ። መጨረሻ «ዳን»፣ ከ። ይህ ቅደም ተከተል ቋሚ ነው፦ ብዛት፣ ባለቤት፣ ከዚያ የ«ከ» የ«በ» የ«ለ» ዓይነቱ። የአማርኛው «ከ» ከፊት በር ሲገባ የእነሱ «ዳን» ከጓሮ ይገባል። አማርኛ ተናጋሪ ሐረጉን ከኋላ ወደፊት ቢያነበው ቶሎ ይገባዋል።

ጾታ የለም። «ያንጊ ኦቂቱቭቺ» አዲስ መምህርም፣ አዲሷ መምህርትም ሊሆን ይችላል። እሱም እሷም «ኡ» ናቸው። «አጭሯ» እና «አጭሩ» ብለን በአንዲት ፊደል የምንለየውን እነሱ ወይ ከዐውዱ ይረዱታል፣ ወይ «ቂዝ» (ልጃገረድ) የሚል ስም ይጨምሩበታል።

«ው»ን ወይም «ዋ»ን የሚተካ የእርግጠኝነት ምልክትም የለም፤ ሆኖም የሚጠቅም አንድ መንገድ አለ። «ካታ ኡይ ሶትዲ» ማለት «ትልቅ ቤት ሸጠ» ነው፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። «ካታ ኡይኒ ሶትዲ» ሲሆን ግን «ትልቁን ቤት ሸጠ» ነው። «ኒ» የእኛን «ን» ትመስላለች፤ የምትቀመጠው ግን ስሙ ላይ ነው። በድምፅ መመሳሰሏ ራሱ ወጥመድ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ እጁ ሳያስበው «ካታኒ ኡይ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ የሚባል ነገር የለም። «ካታኒ ኡይኒ» ብሎ ሁለቱም ላይ ማድረግም ያው ስሕተት ነው፤ በአማርኛ «ትልቁን ጥቁሩን ቤት» ማለት ስለሚቻል ነው ጆሮ የማይቆረቁረው። «ካታላር ኡይላር»ም እንዲሁ።

ቁጥር ሲመጣ ስሙ ራሱ መብዛቱን ይተዋል። «ቤሽታ ያኽሺ ኪቶብ»፣ አምስት ጥሩ መጽሐፍ። «ታ» ቁጥሩ ላይ የምትለጠፍ የመቁጠሪያ ቅጥያ ናት። «ቤሽታ ኪቶብላር» አይባልም። ይህ ለእኛ አይከብድም፤ «አምስት ብር» ወይም «ሦስት ልጅ አለው» እንላለን እንጂ «አምስት ብሮች» ስንል አንሰማም። ልዩነቱ እኛ ብዙ ጊዜ ምርጫ ያለን ሲሆን እነሱ የላቸውም። የሐረጉ ተርታ ከእኛ ጋር አንድ ነው፦ አመልካች፣ ቁጥር፣ ቅጽል፣ ስም። «ቡ ኢኪታ ያንጊ ኪቶብ»፣ እነዚህ ሁለት አዲስ መጻሕፍት። «ቡ» (ይህ) እንኳን አልበዛም።

ለንግድ ኢስታንቡል ተመላልሶ ቱርክኛ የቀማመሰ ሰው እስካሁን ያለው አዲስ አይሆንበትም። እንዲያውም ኡዝቤክኛው ይቀልለዋል፤ ቱርክኛ የብዛቱን ቅጥያ እንደ ቃሉ አናባቢ «ላር» ወይም «ሌር» ሲያደርገው ኡዝቤክኛ ሁሌም «ላር» ይላል።

ቦታ ሲለዋወጡ

ቅጽሉ ከስሙ በፊት ከቆመ ሐረግ ነው፤ ከኋላው ከሄደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል። «ካታ ኡይ» ትልቅ ቤት፣ «ኡይ ካታ» ቤቱ ትልቅ ነው። «ነው» የሚባል ቃል አያስፈልግም። «ኤማስ» ብንጨምር «አይደለም» ይሆናል፦ «ኡይ ካታ ኤማስ»። «ሚ» ብንለጥፍ ጥያቄ ነው፦ «ኡይ ካታሚ?» ለነበረ ነገር «ኤዲ»፦ «ኡይ ካታ ኤዲ»።

እዚህ ላይ «ቡ» የምታመጣው ግርታ አለ። «ቡ ካታ ኡይ» ሲባል «ይህ ትልቅ ቤት» ነው ወይስ «ይህ ትልቅ ቤት ነው»? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሲናገሩ ከ«ቡ» በኋላ ትንሽ ቆም ይላሉ፣ ሲጽፉ ደግሞ ሰረዝ ያስገባሉ። «ቡ ኡይ ካታ» ግን ምንም አያወላዳም፤ ይህ ቤት ትልቅ ነው።

ተናጋሪው «እኔ» ወይም «አንተ» ከሆነ ቅጥያው ቅጽሉ ላይ ይወጣል፣ ምክንያቱም አሁን መጨረሻው ቃል እሱ ነው፦ «ሜን ዮሽማን»፣ ወጣት ነኝ፤ «ሲዝ ዮሽሲዝ»፣ እርስዎ ወጣት ነዎት፤ «ቢዝ ዮሽሚዝ»፣ ወጣቶች ነን። እዚህም ብዛቱ ቅጽሉን አይነካውም።

ከዚህ ጋር የምትያያዝ ጥቃቅን የምትመስል ግን ሰው የምታስቀይም ጉዳይ አለች። «ሊ» የሚለው ቅጥያ «ያለው» ማለት ነው፤ «ሲዝ» ደግሞ «የሌለው»። «ቱዝ» ጨው ነው፤ «ቱዝሊ» ጨው ያለው፣ «ቱዝሲዝ» ጨው የሌለው፣ አልጫ። «አቅል» ማለት ደግሞ እኛም «አቅሉን ሳተ» ስንል የምንጠቀምበት ያው የዐረብ ቃል ነው፤ «አቅሊ» («ሊ» ይጠብቃል) ብልህ፣ «አቅልሲዝ» ደደብ። አሁን አንድን ሽማግሌ «እርስዎ ብልህ ነዎት» ለማለት ከፈለግን «ሲዝ አቅሊሲዝ» ነው። «ሊ»ን ከዋጥናት «ሲዝ አቅልሲዝ» ይሆንና «እርስዎ አቅል የለዎትም» ወደሚለው እንገባለን። ለዚህኛው ስድብ ሙሉው ቅርፅ «አቅልሲዝሲዝ» ነው፤ ሰሚው ግን እስኪሟላ አይጠብቅም። «እርስዎ»ን የሚያመለክተው «ሲዝ» እና «የሌለው» የሚለው «ሲዝ» አንድ ዓይነት ድምፅ መሆናቸው ነው ችግሩ።

የእኛ አንዲት «የ»፣ የእነሱ ስድስት መንገድ

አማርኛ ስምን በስም ሲገልጽ ነገሩን ሁሉ በ«የ» ይጨርሳል። የብረት በር፣ የአሕመድ ቤት፣ የዛሬ ጋዜጣ፣ የመጣው ሰው። ኡዝቤክኛ እነዚህን እየለየ ነው የሚያስተናግደው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋብንም እዚህ ነው።

ነገሩ ከምን እንደተሠራ ስንናገር ምንም አይጨመርም። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ማቆም ይበቃል፦ «ቴሚር ዳርቮዛ» የብረት በር፣ «ኦልቲን ኡዙክ» የወርቅ ቀለበት፣ «ዮጎች ቆሺቅ» የእንጨት ማንኪያ። ፊተኛው ስም እንደ ቅጽል ነው የሚሠራው። («ቴሚር» ብረት ነው፤ የ14ኛው መቶ ዘመን የመካከለኛው እስያ ገዥ የአሚር ቴሙር ስምም ትርጉሙ ብረት ነው።)

ገላጩ ስም ዓይነትን የሚናገር ከሆነ ግን፣ ሁለተኛው ስም ላይ «ኢ» (በአናባቢ ለሚያልቅ ቃል «ሲ») ትለጠፋለች። «ኦልማ» ፖም ነው፣ «ዳራኽት» ዛፍ፤ የፖም ዛፍ «ኦልማ ዳራኽቲ» ነው። «ኦልማ ዳራኽት» ብሎ መተው ከፖም የተሠራ ዛፍ ያስመስለዋል።

የሁለቱን ልዩነት በደንብ የሚያሳይ አንድ ጥንድ አለ። ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ «ቴሚር ዮል» ይባላል፤ የብረት መንገድ። መንገዱ በእርግጥም ብረት ነውና «ኢ» የለችም። ታላቁ የሐር መንገድ ግን «ቡዩክ ኢፓክ ዮሊ» ነው፤ ታሽከንት ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ የሜትሮ ጣቢያም አለ። መንገዱ ሐር ይጓዝበት ነበር እንጂ ከሐር አልተሠራም፤ ስለዚህ «ዮል» «ዮሊ» ሆነ። ሐሩ ራሱ ልብስ ሲሆን «ኢ» ተመልሳ ትወድቃለች፦ «ኢፓክ ሮሞል»፣ የሐር ሻርፕ። በአማርኛ ሦስቱም «የ» ናቸው።

የሕዝብና የቋንቋ ስሞች ከዚህ ከ«ኢ» ወገን ናቸው። «ኦዝቤክ» ስም ነው እንጂ ቅጽል አይደለም፤ ስለዚህ የኡዝቤክ ቋንቋ «ኦዝቤክ ቲሊ» ነው፣ «ኦዝቤክ ቲል» አይባልም። ከዐረብኛ የመጡት «ኢይ» መጨረሻ ያላቸው ቃላት ግን እውነተኛ ቅጽሎች ስለሆኑ «ኢ»ን አይፈልጉም፦ «ሚሊይ» ብሔራዊ፣ «ታሪኺይ» ታሪካዊ፣ «ኢልሚይ» ሳይንሳዊ። የእኛን «ኣዊ» ይመስላሉ፣ ሥራቸውም ያው ነው። ታሽከንት ውስጥ የባንክ ታፔላ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል፤ «ሚሊይ ባንክ» ብሔራዊ ባንክ ሲሆን «ኻልቅ ባንኪ» የሕዝብ ባንክ ነው። ሚሊይ ቅጽል፣ ኻልቅ ስም፤ የ«ኢ»ዋ መኖርና አለመኖር ከዚህ የመጣ ነው።

ባለቤት ሲኖር ሁለቱም ስሞች ምልክት ይይዛሉ፦ «አህማድኒንግ ኡዪ»፣ የአሕመድ ቤት። አሕመድ «ኒንግ»ን፣ ቤት «ኢ»ን። ቅጽል ስንጨምር ቦታው አስፈላጊ ነው። «አህማድኒንግ ካታ ኡዪ» የአሕመድ ትልቁ ቤት ነው። «ካታ አህማድኒንግ ኡዪ» ካልን ትልቁ አሕመድ ሆነ። የዓይነት ጥምረቱ ግን መሀሉ አይከፈትም፤ ትልቅ የፖም ዛፍ «ካታ ኦልማ ዳራኽቲ» እንጂ «ኦልማ ካታ ዳራኽቲ» አይሆንም። ተለጣፊዋ «ኢ» ሁለቱን ስሞች እንደ አንድ ቃል ሰፍታቸዋለች።

ጊዜ ሲሆን «ጊ»፦ «ቡጉን» ዛሬ፣ «ቡጉንጊ ጋዜታ» የዛሬ ጋዜጣ። ከፊቷ ያለው ድምፅ የማይነዝር (እንደ «ች» ወይም «ሽ» ያለ) ከሆነ «ኪ» ወይም «ቂ» ትሆናለች፦ «ኬችኪ ኦቭቃት» እራት (የምሽት ምግብ)፣ «ቂሽኪ» የብርድ ወቅት የሆነ፣ «ታሽቂ» የውጭ።

ቦታ ሲሆን «ዳጊ»፦ «ስቶልዳጊ ኪቶብ»፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው መጽሐፍ። «ቶሽኬንትዳጊ ዶስቲም»፣ ታሽከንት ያለው ጓደኛዬ። ጀማሪዎች «ጊ»ን ጥለው «ቶሽኬንትዳ ዶስቲም» ይላሉ፤ ይህ ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ነው፣ «ታሽከንት ውስጥ ጓደኛዬ...» ብሎ ማንጠልጠል። ሰሚው ግሡን ይጠብቃል።

ስድስተኛው ግሥ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ እፎይ እንላለን። «የመጣ ሰው» ብለን ዐረፍተ ነገሩን ከስሙ በፊት እንደምናስቀምጠው እነሱም «ኬልጋን ኦዳም» ይላሉ። ትናንት የሚለውን «ኬቻ» ስንጨምር «ኬቻ ኬልጋን ኦዳም»፣ ትናንት የመጣ ሰው። ያልመጣ «ኬልማጋን»፣ እየመጣ ያለ «ኬላዮትጋን»፣ የሚመጣ «ኬላዲጋን»። እኛ «የመጣች ሴት፣ የመጡ ሰዎች» ብለን ግሡን እናስማማለን፤ «ኬልጋን» ግን እንደ ማንኛውም ሲፋት አይንቀሳቀስም፦ «ኬልጋን አዮል»፣ «ኬልጋን ኦዳምላር»። «ለመጣው ሰው» ደግሞ «ኬልጋን ኦዳምጋ» ነው፤ «ጋ» መጨረሻ ላይ። የአድራጊው ማንነት ሳይቀር ወደ ስሙ ይሸሻል፦ «ኦቂጋን ኪቶቢም»፣ ያነበብኩት መጽሐፍ። ያነበብኩት እኔ መሆኔን የሚናገረው «ኢም» ግሡ ላይ ሳይሆን መጽሐፉ ላይ ነው የተለጠፈው።

ከዚህ ሳንወጣ፣ ሰውን በአካሉ መግለጽ ሁለት መንገድ አለው። «ሶች» ፀጉር፣ «ኡዙን» ረጅም። ፀጉሯ ረጅም የሆነች ልጅ አንድም «ኡዙን ሶችሊ ቂዝ» ናት፤ «ሊ» የተለጠፈችው «ሶች» ላይ ትመስላለች እንጂ የያዘችው «ረጅም ፀጉር»ን በሙሉ ነው። አንድም «ሶቺ ኡዙን ቂዝ»፤ ቃል በቃል «ፀጉሯ ረጅም ልጅ»። ይኼኛው የእኛን «ፀጉረ ረጅም» ዓይነት አነጋገር ይመስላል፣ የሰው ጠባይ ሲነገርም ይመረጣል፦ «ቆሊ ኦቺቅ ኦዳም»፣ እጁ ክፍት ሰው፤ እኛ ቸር ወይም እጀ ሰፊ የምንለው።

ስሙ ሲጠፋ

ገበያ ላይ ስሙን ደጋግሞ የሚጠራ የለም። ስለ ፖም እየተነጋገርን ከሆነ «ትልቁን ስጠኝ» እንላለን። ኡዝቤክኛም ያው ነው፤ ስሙ ሲጠፋ ግን ሸክሙ ማረፊያ ይፈልጋልና ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጽሉ ላይ ይጫናል። እስካሁን «አይነካም» ያልነው ቅጽል የሐረጉ መጨረሻ ሲሆን ይነካል።

«ካታሲኒ ቤሪንግ»፣ ትልቁን ስጡኝ። «ካታ» + «ሲ» + «ኒ»። «ሲ» እዚህ «ከመካከላቸው» የማለት ያህል ነው። ሻጩ በዕድሜ ከፍ ያለ ወንድ ከሆነ «አካ»፣ ሴት ከሆነች «ኦፓ» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው፤ ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እኅት። «አካ፣ አርዞንሮጊ ቦርሚ?» ማለት «ወንድሜ፣ ረከስ ያለው አለ?» ነው።

በዚህች ጥያቄ ውስጥ የድምፅ ለውጥ ተደብቋል። ረከስ ያለ «አርዞንሮቅ» ነው፤ «ኢ» ስትመጣ ግን «ቅ» ወደ ጉሮሮ «ግ» ይለወጣል፦ «አርዞንሮጊ»። «ኪቺክ» (ትንሽ) «ኪቺጊ» ይሆናል። «ሳሪቅ» (ቢጫ) «ሳሪጊ» ይሆናል። «ኦቅ» (ነጭ) ግን አጭር ስለሆነች «ኦቂ» ብላ ትቀራለች። ሁለቱን በአንድ ምግብ ላይ ማየት ይቻላል፦ የእንቁላል አስኳል «ቱኹም ሳሪጊ»፣ ነጩ ክፍል «ቱኹም ኦቂ»። ቢጫውና ነጩ ስም ሆነዋል።

ሰዎችን ስንጠራም ቅጽሉ ስም ሆኖ ይበዛል፦ «ዮሽላር» ወጣቶች፣ «ካታላር» አዋቂዎች። «ካታ» ትልቅም ታላቅም ነው፤ «ሜን ኡንዳን ካታማን» ሲባል ስለ ቁመት አይደለም፣ «በዕድሜ እበልጠዋለሁ» ነው።

መብለጥ፣ ማነስ፣ መድመቅ

ማወዳደር ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። «ታሽከንት ከሰማርካንድ ትበልጣለች» ብለን በ«ከ» እንደምናወዳድረው እነሱም በ«ዳን» ያወዳድራሉ፦ «ቶሽኬንት ሳማርቃንድዳን ካታ»። «ዳን» ካለ «ሮቅ» ትርፍ ነው፤ ቢጨመር («ካታሮቅ») ልዩነቱን ያጎላል። ተወዳዳሪ ሳይኖር «ሮቅ» ብቻዋን ስትመጣ ታለሳልሳለች። «ቡጉን ሶቩቅሮቅ» «ዛሬ ብርድ ብርድ ይላል» የምንለው ዓይነት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው በ«ኤንግ» ነው፦ «ቶሽኬንት ኦዝቤኪስቶንኒንግ ኤንግ ካታ ሻህሪ»፣ ታሽከንት የኡዝቤኪስታን ትልቋ ከተማ ናት። ከተማ «ሻሃር» ነበር፤ «ኢ» ስትለጠፍ መሀል ያለችው አናባቢ ወደቀች፣ «ሻህሪ»። «ኤንግ»ንና «ሮቅ»ን በአንድ ቃል ላይ ማድረግ («ኤንግ ካታሮቅ») እንደ ስሕተት ይቆጠራል።

ማድመቂያው ግን ከሁሉ የሚጥም ነው። የቃሉን መጀመሪያ እስከ አናባቢው ቆርጦ፣ «ፕ» ወይም «ም» አድርጎ ከፊት ማስቀመጥ። «ቂዚል» ቀይ፣ «ቂፕ-ቂዚል» ደም የመሰለ ቀይ። «ቆራ» ጥቁር፣ «ቆፕ-ቆራ» ድፍን ጥቁር። «ሳፕ-ሳሪቅ»፣ «ያም-ያሺል» (አረንጓዴ)፣ «ኮም-ኮክ»፣ «ያፕ-ያንጊ» (አዲስ በአዲስ)። «ኦቅ» «ኦፖቅ» ይሆናል፤ ይህ ያለ ጭረት በአንድ ይጻፋል፣ ትርጉሙ ጥጥ የመሰለ ነጭ። የትኛው ቃል «ፕ» የትኛው «ም» እንደሚወስድ ቀመር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ በቃል መያዝ ይሻላል። እነዚህ ከደመቁ በኋላ ደግሞ «ጁዳ» (በጣም) አይጨመርባቸውም። ማፍዘዝ ሲፈለግ «ኢሽ» እና «ኢምቲር» አሉ፦ «ኮኪሽ»፣ «ቆራምቲር» (ጠቆር ያለ)።

«ኮክ» ሰማያዊ ነው ብሎ መዝገበ ቃላት ይነግረናል። ሻይ ቤት ገብቶ «ኮክ ቾይ» ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ግን አረንጓዴ ሻይ ነው፤ ጥቁሩ «ቆራ ቾይ» ይባላል። መንገደኛ ሲሸኙም «ኦቅ ዮል!» ይላሉ፣ ነጭ መንገድ፤ መልካም ጉዞ ማለታቸው ነው።

ድግግሞሽ ስናይ እኛ ወዲያው ብዛት ነው የሚታየን፤ ትልልቅ፣ ረጃጅም፣ ጥቋቁር። «ቂፕ-ቂዚል» ብዛት አይደለም፣ አንድ ፖምም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሙሉውን ቃል ሲደግሙት፣ «ካታ-ካታ ኡይላር» ሲሉ፣ በትክክል የእኛ «ትልልቅ ቤቶች» ነው። ቅጽሉ ከብዛት ጋር የሚነካካበት ቦታ ይህ ነው፤ ግዴታ ግን የለበትም፣ «ካታ ኡይላር» ምንም አይጎድለውም።

ከፋርስ የቀረ ቅደም ተከተል

ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ሆኖ ዐረፍተ ነገር የማይሆንበት ጥቂት ቦታ አለ። ኡዝቤክኛ ከፋርስኛ ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት አብሮ ኖሯል፤ ፋርስኛ ደግሞ ስሙን አስቀድሞ፣ በ«ኢ» አያይዞ፣ ቅጽሉን ያስከትላል። የእኛን «ቤተ መጻሕፍት» ያስታውሳል፤ «ቤት» «ቤተ» ሆኖ ከፊት ቆሞ ሌላው የሚከተለው በግዕዝ ሥርዓት እንጂ በአማርኛ አይደለም። ቅጽ ሲሞሉ የሚጠየቀው «ታርጂማይ ሆል» (የሕይወት ታሪክ) እንዲህ ያለ ነው።

ይህን ለማየት ከሰማርካንድ በስተደቡብ ያለችው የቴሙር አገር ትበቃለች። የከተማዋ ስም «ሻህሪሳብዝ» ነው፤ «ሻህር» ከተማ፣ «ሳብዝ» አረንጓዴ፣ መሀል ላይ የፋርሷ «ኢ»። ቴሙር በ1380 እ.ኤ.አ. እዚያው ያስጀመረውና ዛሬ የበሩ ግንቦች ብቻ የቆሙለት ቤተ መንግሥት ደግሞ «ኦቅሳሮይ» ይባላል፤ «ኦቅ» ነጭ፣ «ሳሮይ» ቤተ መንግሥት። ከተማው በፋርስ ተርታ፣ ቤተ መንግሥቱ በቱርክ ተርታ። የቦታ ስም ሲሆን ቅጽሉና ስሙ ተገጣጥመው በአንድ ይጻፋሉ፦ «ቂዚልቁም» ቀይ አሸዋ፣ ምድረ በዳው፤ «ቆራዳርዮ» ጥቁር ወንዝ፣ ከናሪን ወንዝ ጋር ገጥሞ የሲርዳርያን ወንዝ የሚፈጥረው፤ «ያንጊዮል» አዲስ መንገድ፣ ከታሽከንት አጠገብ ያለችው ከተማ። «ያንጊዮልዳ» ሲባል «በያንጊዮል ከተማ» ነው፤ ተለያይቶ «ያንጊ ዮልዳ» ከተጻፈ ግን «በአዲስ መንገድ ላይ»።